ፖስታ ውስጥ የከረመው አካሄድ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 7 ቀን 1975

ውርጭ አድሯል። የበርሜሉ ውኃ ላይ በረዶ ጋግሮ ነበር፤ በጭልፋ ሰበርኩት። ቁርስ ለአርባ ሁለት ሰው… ዳቦና ሻይ። ምሳ ድንችና ምስር። ምስሩ ትንሽ አረረብኝ። ማንም አላወቀም። ወይ አውቀው ዝም ብለዋል።

ሊማሊሞ ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ድንጋይ ወርዶ ግሬደሩ በጠዋት ወጣ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተመለሰ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ምግብ ቤቱ ጥግ ቼዝ ዘረጉ። አሻግሬና ዝናቡ። አሻግሬ የግሬደሩ ነጂ ነው፣ የመንገድ ሥራ ካምፑ የቼዝ ቡድን አለቃም እሱው። ዝናቡ መካኒክ። አንደኛው ጥቁር ፈረስ ከጠፋ ቆይቷል፤ በሱ ቦታ ቡሎን አቁመዋል።

ሻይ ሳቀርብ ዝናቡ እጁን ግንብ የሚባለው ጠጠር ላይ አድርጎ ያስባል። «እሱን ካነሣህ ቡሎኑ ንግሥትህን ይበላል» አልኩት። አመለጠኝ እንጂ ልናገር አልፈለግኩም። አሻግሬ ቀና ብሎ አየኝ። ብዙ ነው ያየኝ።

ሁለት ዓመት ትሪ ይዤ ቆሜ አይቻለሁ። ዝናቡ ብቻውን ሲሆን «እስቲ ተቀመጪ» ይለኛል። ከሃያ ጨዋታ ስንቱን እንዳሸነፍኩት እዚህ አልጽፍም። ይከፋዋል።

ኀሙስ፣ ኅዳር 9

ዝናቡ ተዛወረ። አዲ አርቃይ። ነገ በጭነት መኪና ቁልቁል ይወርዳል። ወጥ ቤት ድረስ መጥቶ ተሰናበተኝ። «እትዬ ደብሪቱ፣ ቦታዬን ላንቺ ነው የተውኩት» አለ። የመኝታውን ነገር የሚያወራ መስሎኝ «አልጋ አለኝ» አልኩት።

ለካ የቼዙን ኖሯል።

ከሰዓት በኋላ አሻግሬ መጣ። ሽንኩርት እየላጥኩ ሰማሁት። የአውራጃው የሠራተኞች ውድድር ሊጀመር ነው። አምስት ቡድን፣ አንዴ ደባርቅ አንዴ ዳባት። ከአንድ ቡድን አራት ሰው፣ እያንዳንዱ በየሰሌዳው። አራት ካልሞላ ቡድኑ ይሰረዛል።

«ካምፑ ወንድ ሞልቶት» አልኩ።

«ወንድ ሞልቶታል። አካሄዱን ሁሉ ወረቀት ላይ መጻፍ ግዴታ ነው። መጻፍ የሚችለው ቼዝ አይችልም፣ ቼዝ የሚችለው አይጽፍም። ሁለቱን የምትችይ አንቺ ነሽ።»

«የወጥ ቤት ሴት ብለው ይስቃሉ።»

«ይሳቁ። የሚስቅ ሰው ሰሌዳውን አያይም።»

ዓይኔ ያለቅስ ነበር። በሽንኩርቱ ነው… ይመስለኛል።

ዓርብ፣ ኅዳር 10

የካምፑ አለቃ አቶ ካሴ አስጠሩኝ።

«እሑድ ምሳ ማን ሊሠራ ነው?»

«በለጠች አለች» አልኩ። ረዳቴ ናት።

«በለጠች ጨው ታበዛለች።»

«በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ጨው ቢበዛ ሰው አይሞትም።»

እኔ ነኝ ይህን ያልኩት? እኔ ነኝ። አቶ ካሴ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «ሂጂ እንግዲህ። ደግሞ አታሳፍሪን።»

አርባ አንድ ዓመቴ ነው። ባሌ ከሞተ ስምንት ዓመት። እስከ ዛሬ ማንም «አታሳፍሪን» ብሎኝ አያውቅም። የሚያሳፍርም የሚያኮራም ነገር አልነበረኝማ።

እሑድ፣ ኅዳር 19

ተሸነፍኩ። ግማሽ ሰዓት አልሞላም።

ደባርቅ ቀበሌ አዳራሽ። ከጤና ሠራተኞች ጋር። የኔው ተጋጣሚ አንድ ቀጭን ልጅ፣ እጁ አልኮል አልኮል ይሸታል። ንግሥቴን በነፃ ሰጠሁት። ሦስቱ የኛ ሰዎች ግን አሸነፉ። ቡድኑ አሸንፏል፤ እኔ ነኝ የተሸነፍኩት።

ከሽንፈቱ ይልቅ የወረቀቱ ነገር አቃጠለኝ። ሰሌዳው ወደ ላይ ከአንድ እስከ ስምንት ቁጥር አለው። ወደ ጎን ደግሞ ፊደል… ሀ ለ ሐ መ ሠ ረ ሰ ሸ። ሁለት ሀ። ሁለት ሰ። ኮሚቴው ሌላ ፊደል አጥቶ ነው? በአንዱ ሠ ፋንታ ሌላውን ሰ ጻፍኩ፣ ያውም ሦስት ጊዜ። ዳኛው አቶ ያርጋል በቀይ እስክሪብቶ አሠመሩበት። «ጓድ ደብሪቱ፣ ጽሑፍሽና ሰሌዳው አይተዋወቁም። ለዛሬ በማስጠንቀቂያ አልፈናል።»

ካምፕ ስንደርስ አሻግሬ «በለጠች ጨው አብዝታለች» አለ፣ ሳህኑን እያሳየኝ። ሳቅን።

ሰኞ፣ ኅዳር 20

መምህር ሀብተ ሚካኤል ትዝ አሉኝ። በ72 ክረምት መሠረተ ትምህርት ያስተማሩን። ልጅ እግር ናቸው፣ ግን ትዕግሥታቸው የሽማግሌ። ሁለቱን ሰ ስቀላቅልባቸው «እትዬ ደብሪቱ፣ በስማቸው ይጥሯቸው» ይሉኝ ነበር። «ይቺ ንጉሡ ሠ፣ ያቺ እሳቱ ሰ።» ንጉሥ ተብሎ የሚጻፍባት፣ እሳት ተብሎ የሚጻፍባት። ሀም እንዲሁ፣ ሃሌታው ሀና ሐመሩ ሐ።

የትልቁ ድስት ክዳን ላይ ስምንቱን በከሰል ጻፍኩ። ቆጠርኩ። ለካ ጨዋታው ሲጀመር ንጉሡ የሚቆመው በንጉሡ ሠ መስመር ላይ ነው። ብቻዬን ሳቅሁ። በለጠች «ምን ነካሽ?» አለች። ክዳኑን አሳየኋት። ሳይገባት ሳቀች።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 3

አሸነፍኩ!

የደባርቅ መምህራን አራተኛ ሰሌዳ። ሰውየው ሴት መሆኔን ሲያይ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረ። እየተጫወተ መንገድ ያያል። ወታደር ሰጠሁት፣ በላ። ሌላ ሰጠሁት፣ በላ። ከዚያ ንጉሡ በር ተዘግቶበት ተገኘ። «ማት ነው? አለቀልኝ?» አለኝ። «እርስዎ ይዩት» አልኩት። ወንበሩን መልሶ አዞረና አየ። ለረጅም ጊዜ።

ወረቀቴ ላይ አንድም ስሕተት የለም። አቶ ያርጋል ሁለት ጊዜ አገላበጡት።

ከአዳራሹ ስወጣ መንገደኛው ሁሉ የሰማ መሰለኝ። ማንም አልሰማም። በግ የሚነዱ አንድ አባት ብቻ «ደኅና ዋልሽ?» አሉኝ። «እጅግ ደኅና» አልኳቸው።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 18

ትናንት ከዳባት እርሻ ሠራተኞች ጋር አቻ ወጣሁ። ቡድናችን አሸነፈ። ሦስት ተጫውተን ሦስቱንም። አንድ ብቻ ቀርቷል፣ የዳባት መምህራን። እነሱም ሦስቱንም አሸንፈዋል።

አሻግሬ የስም ዝርዝራቸውን አመጣ። አራተኛ ሰሌዳ… ሀብተ ሚካኤል።

«ታውቂዋለሽ?» አለኝ።

ይህን የምጽፍበት እጅ የማን ሥራ ነው? አላውቃቸውም ልበል?

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 29

ገና። ሁለት በግ ለካምፑ። አላረፍኩም። ወንዶቹ ገና ሊጫወቱ ሜዳ ወርደው አንዱ ቁርጭምጭሚቱን ተመትቶ እያነከሰ መጣ። በኛ ጨዋታ ቢያንስ እግር አይሰበርም።

እሑድ፣ ጥር 8

ዳባት። አላለቀም! በቅደም ተከተል ልጻፍ።

አራት ሰዓት ላይ ጀመርን፣ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ። መምህር ሀብተ ሚካኤል ገና ሲያዩኝ ብድግ አሉ። «እትዬ ደብሪቱ? እርስዎ ነዎት የሊማሊሞ ካምፕ አራተኛ ሰሌዳ?» እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። ከሲታ ሆነዋል፣ ጢም አብቅለዋል። ሚስት አግብተዋል አሉ። ለጓደኞቻቸው «ተማሪዬ ናቸው» አሏቸው፣ እየኮሩ። ከዚያ ተቀምጠው ያለ ምንም ርኅራኄ ያጠቁኝ ጀመር።

አንድ ወታደር ጎደለብኝ። ስድስት ሰዓት አካባቢ ግን አንድ ነገር አየሁ… ፈረሳቸው ርቆ ሄዷል፣ መመለሻ የለውም። ከበብኩት። በላሁት ማለት አይደለም፣ በኔ ፈረስ አስለወጥኩት፣ አንድ ወታደርም በልቼ ጎደሎዬን ሞላሁ። ሁለታችንም አንድ አንድ ግንብና ጥቂት ወታደር ቀረን።

አሻግሬ አሸነፈ። ሁለተኛው ሰሌዳ ተሸነፈ። ሦስተኛው አቻ። ሁሉም መጥተው የኛን ሰሌዳ ከበቡ። እኔ ካሸነፍኩ ዋንጫው የኛ፣ ጎንደርም እንሄዳለን። አቻ ከሆነ የነሱ ነው፣ በነጥብ ይበልጡናል።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። መኪናችን ኬላው ሳይዘጋ ደባርቅ መድረስ አለበት። አቶ ያርጋል ጨዋታው ለሳምንት ይቆይ አሉ። ተራው የኔ ነበር። ደንቡ፣ ተራው የደረሰ ሰው ቀጣዩን አካሄድ በምስጢር ጽፎ ፖስታ ውስጥ ያሽጋል። ሳምንት ሲከፈት ከዚያ ይቀጥላል።

አካሄዱን አይቼዋለሁ። ግንቤን በንጉሡ ሠ መስመር ሽቅብ ወደ ሰባት። እዚያ ከገባ ሁለት ወታደሮቻቸውን አንድ ላይ ይይዛል።

ሁሉም ፊቱን አዞረልኝ። ከዚያኛው ሰ ጋር እንዳይምታታ ብዬ ከነስሙ ጻፍኩት። «ግንብ ንጉሡ ሠ 7።» አጠፍኩ፣ አሸግኩ። ሁለታችንም ፖስታው አፍ ላይ ፈረምን። ፊርማዬ አማረ።

ሰኞ፣ ጥር 9

ምነው ባልነገርኩት።

አሻግሬ ከቁርስ በኋላ ጨዋታውን እንደቆመበት ደረደረው። «ምን ጻፍሽ?» አለ። ነገርኩት። «ጎበዝ!» ብሎ ግንቡን ወደ ሰባት ወሰደ። ከዚያ እጁ እዚያው ቀረ።

«ቃል በቃል ምንድነው የጻፍሽው?»

«ግንብ ንጉሡ ሠ ሰባት።»

«ንጉሡ ብለሽ ጻፍሽ?»

«ፊደሏ ናታ። ንጉሡ ሠ።»

«ደብሪቱ… ቼዝ ነው። ንጉሡ ካልሽ ንጉሡ ነው የሚመስለው። ግንቡን ነው ያንቀሳቀስሽው ንጉሡን? ዳኛው ምን ብሎ ያነባል?»

ፖስታ ውስጥ ያለ አካሄድ ግልጽ ካልሆነ ሽንፈት ነው። ደንቡ እንደዚያ ይላል። አሻግሬ ወረቀቱን አምጥቶ አሳየኝ። ቁጥር ዘጠኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ማንበብ ባልችል ምን ነበረበት…

ሽሮውን ሁለቴ ጨው ጨመርኩበት። በለጠች ቀመሰችና «ዛሬስ እኔ አይደለሁም» አለች።

ረቡዕ፣ ጥር 11

ጥምቀት። ነጭ ለብሼ ታቦት ልሸኝ ወጣሁ። ሰው እንደ ጎርፍ፣ ከበሮው፣ እልልታው። ልቤ ከዚያ ጋር ነበር ብል ውሸት ነው። ፖስታው ጋ ነበር።

አቶ ያርጋልን ሕዝቡ መሐል አየኋቸው፣ ጃኖ ለብሰው። ተጠጋሁ። እንኳን አደረሰዎ አልኩ። እንኳን አብሮ አደረሰን። ነጠላዬን እያስተካከልኩ እዚያው ቆምኩ።

«ጓድ ደብሪቱ፣ ፖስታው ካዝና ውስጥ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ደኅና ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። ከዚያ አንዲት የማላውቃት ሴት እጄን ይዛ ጭፈራው ውስጥ ከተተችኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል ሁሉንም ረሳሁ። ጥሩ ሴት ናት።

ዓርብ፣ ጥር 13

አቶ ካሴ ምሳ ሲበሉ ነገሩን ሰምተው ኖሯል። ሳህናቸውን ራሳቸው ወጥ ቤት ድረስ መለሱ። እንዲህ አድርገው አያውቁም። «ብትሸነፊም ያው ነው፣ ደብሪቱ» አሉና ሄዱ።

ያው አይደለም። ግን ደስ አለኝ።

እሑድ፣ ጥር 15

ሁሉንም ሳልረሳ ልጻፍ። ልሞክር።

አዳራሹ ውስጥ ባለፈው ከነበረው ሰው እጥፍ አለ። የኛ ካምፕ በሁለት መኪና መጥቷል። አቶ ካሴ ራሳቸው ጋቢና ተቀምጠው። በለጠችም። ምሳውን ማን ሠራ? ማንም። ዳቦ ተይዞ ተመጣ።

አቶ ያርጋል ፊርማዎቹን ለሁላችን አሳዩና ፖስታውን ቀደዱ። በልባቸው አነበቡ። ፊታቸው ተኮሳተረ። ከዚያ ጮክ ብለው፣

«ግንብ። ንጉሡ። ሠ ሰባት።»

«ጓድ ደብሪቱ፣ ያንቀሳቀስሽው የቱን ነው? ግንቡን ነው ንጉሡን?»

አፌን ስከፍት የዳባት ቡድን መሪ ቀደመኝ። «ከታሸገ በኋላ ማብራሪያ የለም። ሁለት ስም የተጻፈበት አካሄድ ፈራሽ ነው። ቁጥር ዘጠኝ።» ሰውየው አልዋሸም። ደንቡ ነው።

አቶ ያርጋል ደንቡን አወጡ። አሻግሬ ከኋላዬ በከባዱ ይተነፍሳል። እግሬ ሥር ያለውን ጣውላ ቆጠርኩ። አቶ ያርጋል ቀና አሉና «ተጋጣሚው ምን ይላል?» ብለው ጠየቁ።

መምህር ሀብተ ሚካኤል እጃቸውን ለወረቀቱ ዘረጉ። ተቀበሉ። አዩት። ያ ግንብ ሰባት ላይ ከገባ እንዳበቃላቸው ያውቃሉ። ሳምንቱን ሙሉ ሰሌዳው ላይ ተደፍተው እንደከረሙ ከዓይናቸው ይታወቃል። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባቸው።

«ጓድ ዳኛ፣ እዚህ ውስጥ ንጉሥ የለም» አሉ። «የፊደሏ ስም ነው። ንጉሡ ሠ። ከእሳቱ ሰ እንድትለይ። በ72 ክረምት እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው። ግንብ ወደ ሠ ሰባት ብለው ነው የጻፉት። ግልጽ ነው።»

መሪያቸው ክንዳቸውን ያዘ። «ሀብተ ሚካኤል፣ ዋንጫው እኮ ነው።»

«ዋንጫው መሆኑን አውቃለሁ። ፊደሏንም አውቃለሁ።»

ከዚያ የኔን ግንብ በገዛ እጃቸው አንሥተው ሰባት ላይ አስቀመጡት። ቀስ ብለው። ካሬው መሐል ላይ አስተካክለው።

እንባዬ መጣ። ሰሌዳው ተምታታብኝ። እኚህን ሰው እንዴት ላሸንፍ? አቻ ልበላቸው ብዬ አፌን ላላቅቅ ስል ገባቸው መሰለኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «እንዳያደርጉት» አሉኝ። «ያስቀመጥኩት እንዲጫወቱበት ነው። ይጫወቱ።»

ተጫወትኩ። አንዱን ወታደር በላሁ። ሁለተኛውን ለማዳን ታገሉ፤ ከምር ታገሉ፣ አንድም አካሄድ አልለቀቁልኝም። የኔ ወታደር በሀ መስመር አንድ አንድ እያለ ሽቅብ ወጣ። ሰባት ሲደርስ መምህር ንጉሣቸውን በጣታቸው ገፋ አድርገው አስተኙ። ብድግ አሉ።

«ደኅና አድርገው ቀጡኝ፣ እትዬ ደብሪቱ።»

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ስል ያዙኝ። ልጄ ቢሆኑ የምመኛቸው ናቸው። በለጠች እልል አለች። አሻግሬ ባርኔጣውን አውልቆ መልሶ አደረገ፣ አውልቆ መልሶ አደረገ። የዳባት መሪም በመጨረሻ መጥቶ ጨበጠኝ። «ሁለተኛ ሁለት ስም እንዳትጽፊ» አለ፣ እየሳቀ። «አንዱ የፊደሏ ነው» አልኩት።

ከዳባት እስከ ደባርቅ ጥሩምባው አልቆመም። መንገድ ዳር ያለ ሰው ሙሽራ መስሎት እጁን አወዛወዘልን። መልሼ አወዛወዝኩ።

እሑድ፣ የካቲት 6

ጎንደር ሄደን ሦስተኛ ወጣን። ከሦስት ጨዋታ አንድ አሸንፌ ሁለት ተሸነፍኩ። ካሸነፉኝ አንዷ እንደኔው ሴት ናት፣ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ። ፀጉሯን አሥር ጊዜ እየነካካች በጠበጠችኝ። ከዚያ አብረን ሻይ ጠጣን። እንጻጻፋለን ተባብለናል። እኔ፣ ደብዳቤ።

ዝናቡ ለዕረፍት መጥቶ ቦታውን ጠየቀ። አሻግሬ «አራተኛ ሰሌዳ ሰው አለበት» አለው። ዝናቡ ሳቀ፣ ከዚያ ከኔ ጋር ሁለት ጨዋታ ተሸነፈና ተወው።

ዛሬ ከቀትር በኋላ መምህር ሀብተ ሚካኤል ካምፕ መጡ፣ ከባለቤታቸው ከአልጣሽ ጋር። ቀይ፣ ዓይናፋር ልጅ። «ቼዝ እርስዎ ያስተምሩልኝ» አሉኝ መምህር። «እኔ ሳስተምራት እንጣላለን።»

«ይቆጣል» አለች አልጣሽ፣ ወደ መሬት እያየች።

«መምህር? እኔን አንድ ቀን ተቆጥተውኝ አያውቁም።»

«ሚስቱ አልነበሩማ» አለች።

መምህር ሳቃቸውን አፍነው የሊማሊሞን አፋፍ ሊያዩ ወጡ። እኛ ተቀመጥን። በለጠችም ወንበር ስባ መጣች፤ ድሮም ከጎን ታይ ነበር። አልጣሽ ፈጣን ናት። ፈረሱን አንዴ አሳይቻት ሦስት ቦታ ዘለለችበት። በለጠች ትጨቃጨቃለች፣ የነካችውን ትመልሳለች። አንደኛውን ጨርሰን ሁለተኛውን ጀመርን። አሻግሬና ሌሎቹ መጥተው ሰሌዳው እንዲለቀቅ ቆመው ይጠብቃሉ። መምህርም ተመልሰው አብረው ቆሙ። አልቸኮልንም።

አቶ ካሴ ገቡ። ዙሪያውን አዩ። ወጥ ቤቱ ባዶ፣ እኔም በለጠችም ተቀምጠናል። ወደ ውስጥ ዘለቁ። ብርጭቆ ሲንኳኳ ሰማን። በኋላ ሦስት ሻይ በትሪ ይዘው መጡ፣ እያንዳንዱን በየፊታችን አስቀመጡ።

ስኳሩ በዝቷል። ጠጣሁት።